ከመሠረታዊ የውትድርና ሥልጠና ሳይጨርስ የሚመለስ ልጅ፦ ወረቀቱ የሚለውና ወላጅ ሊያደርግ የሚችለው

በአማርኛ «ተባረረ» ከባድ ቃል ነው። አንድ ሰው ከትምህርት ቤት ወይም ከሥራ ተባረረ ሲባል ሰሚው ወዲያው ጥፋቱን መፈለግ ይጀምራል። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች መርቀው ወደ ሠራዊቱ የሸኙት ልጅ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደውሎ «እማዬ፣ ሊያሰናብቱኝ ነው፤ ልመለስ ነው» ሲላቸው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አፋቸው ላይ የሚመጣው ይኸው ቃል ነው። ይህን ማብራሪያ የምጽፈው ቃሉ በአብዛኛው ስህተት ስለሆነና ስህተቱ በቤት ውስጥ የሚያስከትለው ጉዳት ከስንብቱ ከራሱ ሊብስ ስለሚችል ነው። ከሥልጠና መሐል የሚመለሱት አብዛኞቹ ልጆች ይሰናበታሉ እንጂ አይባረሩም፤ ልዩነቱም ልጁ በሚይዘው ወረቀት፣ በሕክምና መብቱ፣ በትምህርት ቤት ክፍያውና የአሜሪካ ዜጋ ካልሆነ ደግሞ በወደፊት የዜግነት ማመልከቻው ላይ የሚታይ ነው። «ልጁ» እያልኩ ስጽፍ ሴት ልጅንም ማለቴ ነው፤ እንዲያውም ሥልጠናው ከሚያስከትላቸው የአጥንት ጉዳቶች አንዳንዶቹ በሴቶች ላይ ይበዛሉ።

ቃሉ ወደ አፋችን የሚቀድመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከወላጆቹ መካከል በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወሰዳቸው፣ ወንድማቸው ከሰፈር ታፍሶ የቀረባቸው፣ ወይም ከአፈሳ ሲደበቁ ያደጉ አሉ። በዚያ ዘመን ከማሠልጠኛ ጣቢያ ሳይጨርስ ወደ ቤቱ የተመለሰ ወጣት ኮብላይ ነበር፤ ይታደናል፣ ይታሰራል፣ ቤተሰቡም አብሮ ይጠየቃል። የአሜሪካ ሠራዊት ግን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በፈቃደኞች ብቻ የቆመ ነው። የሥልጠናው የመጀመሪያ ሳምንታት ሠራዊቱ ምልምሉን፣ ምልምሉም ሠራዊቱን የሚፈትኑበት ጊዜ ተደርገው ስለሚታዩ፣ ሳይሆን ሲቀር ያለ ክስና ያለ ቅጣት የሚለያዩበት የአስተዳደር መንገድ ከመጀመሪያውኑ ተዘጋጅቷል። በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በዚህ መንገድ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

የስንብቱ ዓይነት

ይህ መንገድ «ኤንትሪ ሌቭል ሴፓሬሽን» ይባላል፤ በአማርኛ «የመግቢያ ደረጃ ስንብት» ብንለው ያስኬዳል። የመግቢያ ደረጃ የሚባለው ጊዜ ለረጅም ዓመታት የመጀመሪያዎቹ 180 የአገልግሎት ቀናት ተብሎ ሲሠራበት የቆየ ሲሆን፣ የአርሚ መሠረታዊ ሥልጠና 10 ሳምንት፣ የማሪን 13 ሳምንት ስለሆነ በቤዚክ ትሬኒንግ ላይ ያለ ምልምል በገደቡ ውስጥ ይገኛል። በዚህ መንገድ የሚሰናበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ በወረቀቱ ላይ የሚጻፍለት የአገልግሎት ባሕርይ «አንካራክተራይዝድ» ይባላል። ትርጉሙ ሠራዊቱ ሰውየውን መልካም ወይም መጥፎ ብሎ ለመመዘን የሚበቃ ጊዜ አብሮት ስላልቆየ ምዘና አልሰጠውም ማለት ነው።

ወላጆች ከሁሉም በላይ የሚፈሩት «ዲስኦነረብል» የሚለውን ነው፤ ስለዚህ በግልጽ ላስቀምጠው። «ዲስኦነረብል ዲስቻርጅ» በጄነራል ኮርት ማርሻል፣ ማለትም በከፍተኛው የጦር ፍርድ ቤት፣ ከባድ ወንጀል ተፈርዶበት ለሚወጣ ሰው የሚሰጥ ነው። ስላልሮጠ፣ ስላለቀሰ፣ እግሩ ስለተሰበረ ወይም ፈተና ስለወደቀ ማንም ይህን ወረቀት አይቀበልም። በአስተዳደር መንገድ ከሚሰጡት ውስጥ መጥፎ የሚባለው «አዘር ዛን ኦነረብል» ሲሆን፣ ምልምሉን ወደዚያ ሊወስዱት ከሚችሉት ነገሮች አንዱ ከማሠልጠኛው ጠፍቶ መሄድ ነው። ስለዚህ ልጁ ተስፋ ቆርጦ «እዚህ አንድ ቀን አላድርም» ብሎ ቢደውል፣ የወላጅ የመጀመሪያ ቃል «ልጄ፣ ሕጋዊውን ስንብት ጠብቅ፤ ከግቢው እንዳትወጣ» የሚል ይሁን። ለመውሰድ መኪና አስነስቶ ወደ ማሠልጠኛው መሄድም አይገባም፤ በጥቂት ሳምንታት ትዕግሥት የሚያልቀውን ጉዳይ ለዓመታት የሚከተል ጉዳይ ሊያደርገው ይችላል።

ለምን ይመለሳሉ?

ትልቁ ምክንያት ጤና ነው። ወጣቱ ከመሄዱ በፊት በቀን ስምንት ሰዓት ተቀምጦ ይማር ወይም ይሠራ ከነበረ፣ ድንገት ከባድ ሻንጣ ተሸክሞ በቦት ጫማ በየቀኑ ማይሎችን ሲጓዝ አጥንቱ ራሱን ከሚጠግንበት ፍጥነት በላይ ይደክማል። በዚህ የሚመጣው ቀጭን የአጥንት ስንጥቅ፣ «ስትረስ ፍራክቸር» የሚባለው፣ በቅልጥም፣ በእግር መዳፍ አጥንቶችና አንዳንዴም በዳሌ አንገት ላይ ይከሰታል። የዳሌው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ችላ ከተባለ ሙሉ በሙሉ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። የቫይታሚን ዲ ማነስ አደጋውን ይጨምራል፤ ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ ቫይታሚን ዲ የሚያመርተው በዝግታ ስለሆነ የእኛ ልጆች መጠኑን ቢመረመሩ ጥሩ ነው። ረጅም ጾም የምትጾም ልጅ ከሆነች ደግሞ የብረት ንጥረ ነገር መጠኗን መለካት ተገቢ ነው። ይህን የምለው ጾሙን ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ከሥልጠና የተመለሰች ልጅ «እግሬን ያመኛል» ስትል ወላጅ ድካም ነው ብሎ እንዳያልፈው ነው።

ሌላው የጤና ምክንያት ከመግባቱ በፊት የነበረ ሕመም በሥልጠና ላይ መገለጡ ነው። በልጅነት የነበረ አስም፣ የተረሳ የጉልበት ጉዳት፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጊዜ የተወሰደ የድብርት መድኃኒት ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ የምልምሎች መመርመሪያ ጣቢያዎች «ጀነሲስ» የሚባል የሕክምና መዝገብ ሥርዓት ስለሚጠቀሙ ቀድሞ ሳይታይ ይታለፍ የነበረ የሐኪም ቤት ታሪክ ብቅ ማለት ጀምሯል። ልጁ ሕመሙን እያወቀ በቅጹ ላይ «የለብኝም» ብሎ ፈርሞ ከተገኘ ጉዳዩ የማጭበርበር ምልመላ ሊባል ይችላል፤ ይህ ከተራው የጤና ስንብት የከበደ ስለሆነ ያለ ጠበቃ ምክር መታለፍ የለበትም። አንዳንድ ልጆች «ሪክሩተሩ (መልማዩ) አትጻፈው ብሎኝ ነው» ይላሉ። ልጁ የሚለው እውነት ከሆነ መቼና እንዴት እንደተባለ፣ የጽሑፍ መልእክት ካለም እሱን ጭምር ሳይረሳው ይመዝግበው።

ሦስተኛው የአእምሮ ጤና ነው፤ በእኛ ቤት ከሁሉም የማይነገረው ይህ ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ያለማቋረጥ መጮህ፣ ከቤተሰብ መለየትና ስልክ መነጠቅ ጤነኛ የነበረን ወጣት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊያፈርሰው ይችላል። ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ የሚጽፉት «አጀስትመንት ዲስኦርደር»፣ ማለትም ከአዲስ ሁኔታ ጋር የመላመድ ችግር፣ ሁኔታው ሲቀየር በአብዛኛው የሚሻል ነው። እብደት አይደለም፤ የዘር በሽታ ምልክትም አይደለም። ከእነዚህ ሌላ የአካል ብቃት ፈተና መውደቅ፣ ተኩስ አለመቻል፣ ትእዛዝ አለመቀበል፣ በሽንት ምርመራ ዕፅ መገኘትና የቤተሰብ ችግር አሉ፤ እያንዳንዱ በወረቀቱ ላይ የራሱ ኮድ አለው።

ገና ሳይመለስ

ስንብቱ ከተነገረው ቀን እስከሚሳፈርበት ቀን ድረስ ልጁ ከጓደኞቹ ተለይቶ ተሰናባቾች በሚቆዩበት ክፍል ይቀመጣል፤ ይህ ከቀናት እስከ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ማሠልጠኛው ፎርት ጃክሰንም ሆነ ፓሪስ አይላንድ፣ ግሬት ሌክስም ሆነ ላክላንድ፣ ይህ የጥበቃ ጊዜ ከሥልጠናው ይልቅ መንፈስ የሚያደክም ነው ማለት ይቻላል፤ የሚሠራው ትንሽ፣ የሚያስበው ብዙ ነውና። በዚህ ጊዜ የሚደረግ ስልክ አጭር ስለሆነ ወላጅ ምርመራ እንዳይጀምርበት እለምናለሁ። «ምን አድርገህ ነው?» የሚለው ጥያቄ ቤት እስኪደርስ ሊቆይ ይችላል። አሁን ሊነገረው የሚገባው ቤቱ የሚጠብቀው መሆኑና የሚከተሉት ጥቂት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ የሚሰጡትን ወረቀት ሳያነብ አይፈርም። የስንብቱ ምክንያት በጽሑፍ ሊነገረው ይገባል፤ ጠበቃ የማማከርና የራሱን መግለጫ የማስገባት መብትም አለው፤ የሠራዊቱ ተከላካይ ጠበቆች ክፍያ አይጠይቁም። ሁለተኛ፣ ተጎድቶ ከሆነ የተጎዳበት ቀንና ቦታ በሕክምና መዝገቡ ላይ መጻፉን ያረጋግጥ፤ ወደ ቤት ለመሄድ ቸኩሎ «አሁን ደኅና ነኝ» ብሎ የሚፈርም ልጅ በኋላ ሕመሙን ለማስረዳት ይቸገራል። ከሠራዊቱ ውጭ የሆነ ገለልተኛ ምክር የሚፈልግ ደግሞ «ጂ አይ ራይትስ ሆትላይን» በሚባለው የነጻ መስመር በ1-877-447-4487 መደወል ይችላል፤ ወላጅም ቢደውል ያነጋግሩታል።

አንዳንድ ጊዜ ስንብቱ ገና አልተወሰነም፤ ልጁ ጉዳቱ እስኪድን በማገገሚያ ክፍል ቆይቶ ወይም ወደ ኋላ ወደሚመጣ ቡድን ተዛውሮ እንዲቀጥል ምርጫ ሊሰጠው ይችላል። እዚህ ላይ ወላጅ ሐሳቡን መናገር ይችላል፤ ውሳኔውን ግን ለልጁ ይተውለት። «የሰው መሳቂያ አታድርገን፣ ቻለው» ተብሎ በተሰነጠቀ አጥንት የቀጠለ ልጅ ዕድሜ ልኩን የሚያነክስበት አጋጣሚ አለ።

ዜግነት ለሌለው ልጅ

ይህ ክፍል ግሪን ካርድ ይዞ ለተመለመለ ልጅ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ አየዋለሁ። ብዙዎቹ ልጆቻችን ሠራዊቱን ከሚመርጡባቸው ምክንያቶች አንዱ ዜግነት በፍጥነት መገኘቱ ነው። ከመስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው የጦርነት ዘመን ሕግ መሠረት በክብር ያገለገለ ሰው የተለመደውን 5 ዓመት ሳይጠብቅ ማመልከት ይችላል። ሆኖም ሕጉ የሚጠይቀው አገልግሎቱም ስንብቱም በክብር የተባለ እንዲሆን ነው፤ «አንካራክተራይዝድ» የሚለው ቃል ደግሞ ክብርም ነውርም አይልም። ስለዚህ በዚህ ወረቀት በወታደራዊው መንገድ ማመልከት ጥያቄ ያስነሳል፤ ቅጹን ከመላክ በፊት የወታደር ጉዳይ የሚያውቅ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማየት የግድ ነው። በሥልጠናው መካከል ዜግነቱን ተቀብሎ የነበረ ልጅም እንዲሁ ጠበቃ ያነጋግር፤ ሕጉ በዚህ መንገድ ዜግነት አግኝቶ በክብር ያገለገለበት ጊዜ 5 ዓመት ሳይሞላ «አዘር ዛን ኦነረብል» በሆነ ሁኔታ የተሰናበተን ሰው ዜግነት ለመሰረዝ በር ይከፍታልና።

የሚያረጋጋው ነገር ግሪን ካርዱ በስንብቱ ምክንያት የማይነካ መሆኑ ነው። በተለመደው መንገድ፣ 5 ዓመት ሲሞላው፣ እንደ ማንኛውም ሰው ያመለክታል፤ በማመልከቻው ላይ ስለ ውትድርና ሲጠየቅ ግን ማገልገሉንና መሰናበቱን ሳይደብቅ ይጻፍ። ወላጆች ልብ የማይሉት ሌላም ነገር አለ፤ ልጁ 18 ዓመት ሳይሞላው ግሪን ካርድ ይዞ አብሯቸው ሲኖር ከወላጆቹ አንዱ ዜጋ ሆነው ከነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 በሥራ ላይ በዋለው የልጆች ዜግነት ሕግ መሠረት እሱም በዚያው ቀን ዜጋ ሆኗል፤ ወረቀቱን አላወጣም እንጂ።

አንድ አደጋ ደግሞ በተለይ ልነግራችሁ እፈልጋለሁ። ማንም ሰው፣ ጓደኛም ይሁን የሰፈር አዋቂ፣ ልጁን «ዜጋ አይደለሁምና አሰናብቱኝ ብለህ ጠይቅ» ብሎ ቢመክረው ልጁ እንዳይሰማው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የውጭ ዜጋ በመሆኑ ምክንያት ከውትድርና እንዲሰናበት ጠይቆ በዚያው ምክንያት የተሰናበተ ሰው ለዘለቄታው ለዜግነት ብቁ አይሆንም።

ቤት የደረሰ ቀን

ኤርፖርት ላይ የሚወርደው ልጅ ከሄደው ልጅ ጋር ላይመሳሰል ይችላል። ፀጉሩ ተላጭቷል፣ ከስቷል፣ ሰው ሲጠራው ደንግጦ ይቆማል፣ ምግቡን በሦስት ደቂቃ ይጨርሳል፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ይነቃል። እናት «እንኳን በደኅና ገባህልኝ» ብላ አቅፋ ብታስገባው፣ አባትም ሻንጣውን ተቀብሎ ስለ መንገዱ ብቻ ቢጠይቀው ለዚያ ቀን ይበቃል። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ሳምንት ያለ ጥያቄ ቢያልፍ መልካም ነው፤ ልጁ ራሱ ሲጀምር ግን ሥራን አቁሞ መስማት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም ማታ፣ መኪና ውስጥ ወይም ሳህን እየታጠበ፣ ፊት ለፊት ሳይተያዩ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ነው። ሽኝት ተደርጎለት፣ የነፍስ አባቱ ጸልየውለት፣ ዘመድ ገንዘብ አዋጥቶለት፣ የደንብ ልብሱ ፎቶ በቤተሰብ ቫይበርና በፌስቡክ ተዘዋውሮ ነበርና፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወይም በሚቀጥለው ለቅሶ ቤት «ልጁ ምነው ተመለሰ?» መባሉ አይቀርም። ለዚህ መልሱ ከልጁ ጋር አስቀድሞ ይመከርበት። «ሥልጠና ላይ ነበር፣ ጤናው ስላላስቻለው ተመልሷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ እውነት እስከሆነ ድረስ፣ ይበቃል። ከዚያ በላይ ያለው የልጁ ታሪክ ነው፤ ሲፈልግ እሱ ይናገረው። ወላጅ ውሸት ፈጥሮ «ዕረፍት መጥቶ ነው» ያለ እንደሆነ ግን ልጁን በራሱ ቤት እንዲደበቅ ይፈርድበታል፤ ከዚያም በኋላ ሰው ባየ ቁጥር የሚናገረውን መቁጠር ይኖርበታል። ከአጎቶች መካከል በአንድ ወቅት ወታደር የነበሩ ካሉ ደግሞ «እኛ ጊዜ እኮ...» እያሉ እንዳያነጻጽሩበት አባት ቀድሞ በትሕትና ቢነግራቸው ለልጁ ትልቅ ጋሻ ይሆነዋል።

ኀፍረቱ ለአንዳንዱ ልጅ ከሚችለው በላይ ነው። ከክፍሉ አለመውጣት፣ ለቀናት አለመተኛት፣ አለመብላት፣ ንብረቱን ለሰው ማደል፣ «ለእናንተ ሸክም ሆንኩ» ማለት ሲታይ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ራስን ስለማጥፋት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም፤ ብዙ ወላጆች ይህን ፈርተው ዝም ይላሉና ደግሜ እናገራለሁ፣ መጠየቅ አይጎዳም። በአሜሪካ በየትኛውም ሰዓት 988 ደውሎ ቁጥር 1ን መጫን ከወታደሮችና ከቀድሞ ወታደሮች የቀውስ መስመር ጋር ያገናኛል። ወላጅ ራሱ ለልጁ ሲል መደወል ይችላል፤ እንግሊዝኛ የማይቀናው ከሆነም የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቅ። በቤት ውስጥ የጦር መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ፤ መድኃኒትም ይቆለፍበት። ፀበልና ጸሎት የሚያጽናናው ልጅ ከሆነ ከሐኪሙ ጎን ለጎን ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን የሚከለክልበት ምክንያት የለም።

ወረቀቶቹና የሚያስገኙት

ልጁ ይዞት የሚመጣው ዋና ሰነድ «ዲዲ 214» ይባላል። ከሥር ያሉት ሳጥኖች ናቸው ጉዳዩን የሚናገሩት፤ ሳጥን 24 የአገልግሎቱን ባሕርይ፣ ሳጥን 26 የስንብቱን ኮድ፣ ሳጥን 27 እንደገና መመልመል መቻል አለመቻሉን፣ ሳጥን 28 ምክንያቱን በቃላት ይገልጻሉ። ሰነዱ አጭርና ረጅም ቅጂ ስላለው እነዚህን ሳጥኖች የያዘውን ረጅሙን፣ «ሜምበር 4» የሚባለውን፣ መያዙን አረጋግጡ። ቤት እንደደረሰ ኮፒ ተደርጎ ይቀመጥ፤ የጠፋ ወይም ያልተሰጠው ሰነድ በሴንት ሉዊስ ካለው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል በማመልከቻ ይገኛል። ናሽናል ጋርድ ወይም ሪዘርቭ፣ ማለትም በትርፍ ጊዜ የሚያገለግሉበት ጦር፣ የገባ ልጅ ለአጭር ጊዜ ሥልጠና ይህን ሰነድ ላያገኝ ስለሚችል የተሰጠውን ትእዛዝ ሁሉ ያስቀምጥ።

«አንካራክተራይዝድ» ነው ተብሎ ሁሉም በር ተዘግቷል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ተሳስተዋል። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ቪ ኤ የሚባለው፣ የመግቢያ ደረጃ ስንብትን ከነውረኛ ስንብት ውጭ አድርጎ ነው የሚያየው። በመሆኑም ልጁ በሥልጠናው ላይ ከተጎዳ፣ ወይም የነበረበት ሕመም በሥልጠናው ከባሰ፣ ያገለገለው ጥቂት ሳምንት ብቻ ቢሆንም የአካል ጉዳት ካሳና የዚያን ጉዳት ሕክምና ማመልከት ይችላል። ማመልከቻው ከተሰናበተ በአንድ ዓመት ውስጥ ከገባ ክፍያው ከስንብቱ ማግስት ጀምሮ ይታሰባል፤ ከዚያ ከዘገየ ግን በአብዛኛው ካመለከተበት ቀን ነው። ማመልከቻውን ለመሙላት ገንዘብ ለማንም አይከፈልም፤ የካውንቲ የቀድሞ ወታደሮች አገልግሎት ሠራተኞችና እንደ አሜሪካን ሊጅን ያሉ ማኅበራት በነጻ ያግዛሉ። ለኮሌጅ የሚከፍለው ጂ አይ ቢል ግን በዚህ ዓይነት ስንብት በአብዛኛው አይገኝም።

ኮሌጅ ለመግባት ሌላ መንገድ አለ፤ ይህንን ብዙ ቤተሰብ ሳያውቀው ያልፈዋል። የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው፣ ፋፍሳ፣ የቀድሞ ወታደርን ከወላጁ ገቢ ነጻ እንደሆነ ተማሪ ይቆጥረዋል፤ ለዚህም በአክቲቭ ዲዩቲ (በሙሉ ጊዜ አገልግሎት) ገብቶ ከነውረኛ ስንብት ውጭ በሆነ ሁኔታ ለወጣ ሰው ዝቅተኛ የአገልግሎት ጊዜ አልተቀመጠበትም። ለሥልጠና ብቻ የተጠራ የናሽናል ጋርድ ወይም የሪዘርቭ ምልምል አይካተትበትም። ልጁ ዲዲ 214ቱን ይዞ የኮሌጁን የገንዘብ እርዳታ ቢሮ ቢጠይቅ የእርዳታው መጠን በጣም ሊለያይ ይችላል።

ሥራውም እንዲሁ ጥበቃ አለው። ከመሄዱ በፊት በፓርኪንግ፣ በኤርፖርት ወይም በመጋዘን ይሠራ የነበረና ወደ ውትድርና እንደሚሄድ ለአሠሪው አስቀድሞ የተናገረ ልጅ ወደ ሥራው የመመለስ የፌዴራል መብት አለው፤ ይህን መብት የሚያሳጡት መጥፎ የተባሉት ስንብቶች እንጂ ይህኛው አይደለም። ጊዜው ግን አጭር ነው። አገልግሎቱ ከ31 እስከ 180 ቀን ከሆነ በ14 ቀን ውስጥ ማመልከት፣ ከ31 ቀን ካነሰ ደግሞ ቤቱ ገብቶ 8 ሰዓት ካረፈ በኋላ በሚመጣው የመጀመሪያ የሥራ ፈረቃው መገኘት ይጠበቅበታል። በጉዳት ላይ ያለ ልጅ ጊዜው ይራዘምለታል። አዲስ ሥራ ሲያመለክት «ዲስኦነረብል ተሰናብተህ ታውቃለህ?» የሚል ጥያቄ ከመጣ መልሱ በሙሉ ልብ «አላውቅም» ነው።

የጤና ኢንሹራንስን አታዘግዩ። የሠራዊቱ ሽፋን ሲቋረጥ እስከ 26 ዓመቱ ድረስ በወላጁ ኢንሹራንስ ሊገባ ይችላል፤ በአሠሪ በኩል ለሚገኝ ኢንሹራንስ 30 ቀን፣ በመንግሥቱ የኢንሹራንስ ገበያ በኩል ደግሞ 60 ቀን የምዝገባ ጊዜ አለ። ከመከላከያ የፋይናንስና የሒሳብ አገልግሎት ደብዳቤ ከመጣም ሳይከፈት አይቀመጥ፤ በቅድሚያ የተሰጠው ገንዘብ ወይም ከስንብቱ በኋላ በስህተት የገባ ደመወዝ ካለ መልስ ሊሉት ይችላሉ። ዕዳውን መቃወምም በክፍልፋይ መክፈልም ይቻላል፤ ዝም ማለት ግን ወለድና ሰብሳቢ ኩባንያ ያመጣል።

በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ምክንያት ትክክል ካልሆነ፣ ለምሳሌ በሥልጠና የመጣ ጉዳት «ከበፊቱ የነበረ» ተብሎ ከተመዘገበ፣ ይግባኝ አለ። ለስንብት ገምጋሚ ቦርድ በ«ዲዲ 293» ቅጽ እስከ 15 ዓመት ድረስ፣ ለመዝገብ አራሚ ቦርድ ደግሞ በ«ዲዲ 149» ቅጽ ስህተቱ ከታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ይቀርባል። በልጅነቱ ያክመው የነበረ ሐኪም «ከመሄዱ በፊት ይህ ሕመም አልነበረበትም» ብሎ የሚጽፈው አንድ ገጽ በእነዚህ ቦርዶች ፊት ትልቅ ክብደት ሊኖረው ይችላል። ይህን ገጽ ማምጣት ደግሞ ወላጅ ሊያደርገው የሚችል ሥራ ነው፤ የትኛው ክሊኒክ ያኔ እንደወሰዱት የሚያስታውሱት እናትና አባት ናቸውና።

እንደገና ይሂድ ወይስ ይቅር?

አንዳንድ ልጆች በወሩ «እመለሳለሁ» ይላሉ፤ አንዳንዶች የደንብ ልብስ ማየት አይፈልጉም። ሁለቱም ሊለወጥ የሚችል ስሜት ነው። በሳጥን 27 ያለው ኮድ «አር ኢ 1» ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው፤ «አር ኢ 3» ከሆነ በልዩ ፈቃድ፣ ዌቨር በሚባለው፣ መመልመል ይቻላል፤ «አር ኢ 4» ግን በአብዛኛው ዝግ ነው፤ የአንዳንዱ ክፍል ኮድ ደግሞ ከዚህ ስለሚለይ ሪክሩተሩ ያንብበው። ጉዳቱ ሳይድን፣ የመላመድ ችግሩ ሳይታከም ለስም ሲባል የሚደረግ ሁለተኛ ጉዞ የመጀመሪያውን ሊደግም ይችላል። ልጁ ወደ ሌላ የሠራዊት ክፍል ቢሄድም እንኳ የቀድሞ ስንብቱን በቅጹ ላይ መጻፍ አለበት፤ ቢደብቀው የሚገኝ ነገር ነው፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ የሚጠብቀው የመግቢያ ደረጃ ስንብት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ሊመለስ ሲወስን ወደ ሪክሩተሩ ቢሮ ረጅሙን ዲዲ 214 እና ሙሉ የሕክምና መዝገቡን ይዞ ይሂድ።